ከጭነት ክፍል እስከ ተሳቢ መኪና
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በቀድሞ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



በዚህ የበዓል ቀን ንግግር እንድናደርግ በተጠየቅን ጊዜ መጀመሪያ ያሰብነው ይቅርብን ለማለት ነበር። ምክንያቱም በዚህ መድረክ ላይ ሐኪሞችና መሐንዲሶች ሲናገሩ እየሰማን ነው ያደግነው፤ እኛ ግን በአሜሪካ አገር በሲያትል ከተማ የጥቅል ዕቃ የሚያመላልሱ የተሳቢ መኪና ነጂዎች ነን። ነገር ግን ትናንት በግቢው ውስጥ ከተማሪዎች ጋራ ስንጨዋወት «እዚያ ሥራ እንዴት ይገኛል? ደመወዙስ ስንት ነው? ገንዘቡ የሚሰጠው ለማን ነው?» ብለው ጠየቁን። ይህ የመጨረሻው ጥያቄ እጅግ ስላሳሰበን የምናውቀውን ለመናገር ተስማማን።

የጥቅል ሥራ በዚያች ከተማ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 ጄምስ ኬሲ የሚባል የ19 ዓመት ወጣት 100 ዶላር ተበድሮ ከአንድ ጓደኛው ጋራ በሲያትል የመልእክት አድራሽ ድርጅት አቋቋመ። ዛሬ ዩ ፒ ኤስ እየተባለ በዓለም ሁሉ የሚታወቀው ኩባንያ ከዚያ የተነሣ ነው። ሥራው በተጀመረበት ቦታ አሁን ፏፏቴ ያለበት ትንሽ የአትክልት ስፍራ አለ፤ የሌሊት ሥራ ጨርሰን ስንመለስ አንዳንድ ጊዜ እዚያ ተቀምጠን ቡና እንጠጣለን።

በየቤቱ በር እየዞረ ጥቅል የሚያድለው ነጂ ሌላ ነው፤ የተሳቢ ነጂ ሌላ ነው። የተሳቢ ነጂ ከአንዱ መለያ ጣቢያ ወደ ሌላው፣ አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት፣ ጭነቱን ያጓጉዛል። ብዙ ጊዜ የሚጐትተው እያንዳንዳቸው 28 ጫማ፣ ማለት ስምንት ሜትር ተኩል ያህል የሚረዝሙ ሁለት ተሳቢዎችን በተከታታይ አያይዞ ነው። በአውራ ጎዳናዎቹ ላይ በተለምዶ የተፈቀደው ጠቅላላ ክብደት 80,000 ፓውንድ፣ ማለት ከ36,000 ኪሎ ጥቂት የሚበልጥ ነው። ሁለት ተሳቢ አያይዞ ወደ ኋላ መሄድ የማይሞከር ነገር ስለ ሆነ፣ ነጂው የገባበትን ቦታ ከመግባቱ በፊት መውጫውን ማሰብ አለበት።

አሁን ወደ ቅጥሩ እንመለስ። በዚያ ኩባንያ ከውጭ መጥቶ «እኔ ተሳቢ እነዳለሁ» ብሎ ወዲያው መሪ የሚይዝ ጥቂት ነው። ከገና በፊት ባሉት ወራት ጥቅል ሲበዛ ጊዜያዊ ነጂዎች ከውጭ ይወሰዳሉ፤ ዕድል የቀናቸው ይቀራሉ። ብዙው ግን የሚመጣው ከውስጥ ነው፤ ሌሊት በጭነት ክፍል ጥቅል ከሚደረድሩትና ቀን ከሚያድሉት መካከል። ቦታ ሲከፈት ማስታወቂያ ይለጠፋል፤ የፈለገ ስሙን ይጽፋል፤ ቀድሞ የተቀጠረው ይቀድማል። ይህን የቅድሚያ መብት በውል ያስከበረው ቲምስተርስ የተባለው የሠራተኞች ማኅበር ነው። የአለቃ ዘመድ መሆን ወይም የትምህርት ማስረጃ ማሳየት ወረፋውን አያስቀድምም።

እኛም ሦስታችን የገባነው በጭነት ክፍል በር ነው። ከመካከላችን አንዱ ከዚህ አገር የሒሳብ አያያዝ ዲግሪ ይዞ የሄደ ነበር። ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ተነሥተን፣ በማጓጓዣው ቀበቶ ላይ እየተንከባለለ የሚመጣውን ሣጥን ሁሉ እያነሣን በመኪናው ውስጥ እንደ ግንብ እንደረድር ነበር። ይህን ለወላጆቻችን ለመንገር አፈርን። ወደ ቤት በጻፍነውና በስልክ በተናገርነው ሁሉ «በትልቅ ኩባንያ የዕቃ ክፍል ኀላፊነት ተሰጥቶናል» እንል ነበር። እናቶቻችን ይህን ለጎረቤት አወሩት፤ ጎረቤትም ልጁን እንድናስቀጥርለት ጠየቀ። አምስት ዓመት ያህል በዚህ ውሸት ስንጨነቅ ኖርን። ዛሬ ከወላጆቻችን አንዳንዶቹ በዚህ አዳራሽ ስላሉ በይፋ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ገንዘቡ ለማን ይሰጣል ለሚለው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። ከመካከላችን አንዱ ወረፋው ስለ ረዘመበት፣ አንድ ሰው «በሁለት ሳምንት መንጃ ፈቃድ፣ ከዚያም ቀጥታ ቅጥር» ብሎ 3,000 ዶላር ተቀበለው። ሰውዬው ያስተማረው በአንድ ጓሮ ውስጥ በቆመ አሮጌ መኪና ነበር። ነገር ግን ከየካቲት 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ ሕግ አዲስ ነጂ ፈተና ላይ የሚቀርበው በመንግሥት መዝገብ ከሰፈረ አሠልጣኝ ዘንድ ሲማር ብቻ ነው። መዝገቡ ለማንም ክፍት ነው፤ መመልከቱም ያለ ዋጋ ነው። ጓደኛችን ይህን ያወቀው ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ ነው። ገንዘቡም አልተመለሰም።

ትክክለኛው መንገድ እንዲህ ነው። አስቀድሞ የጽሑፍ ፈተና አልፎ የተማሪነት ፈቃድ መቀበል፤ ከዚያ ቢያንስ 14 ቀን ሳያልፍ ለመንዳት ፈተና አይቀረብም። ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት ለመንዳት 21 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። ሁለት ተሳቢ ለማያያዝ ደግሞ በፈቃዱ ላይ ተጨማሪ ማረጋገጫ ይጻፋል። የጤና ምርመራ አለ፤ የሽንት ምርመራም አለ። (እዚህ ላይ ለአንዳንድ ወጣቶች እንንገር፤ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በአሜሪካ ሕግ ከተከለከሉት ዕፆች ጋራ የተመዘገበ ነው።)

ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው ግን መንዳቱ አይደለም። ፈታኙ ወረቀት ይዞ አጠገብህ ይቆማል፤ አንተ በመኪናው ዙሪያ እየሄድህ እያንዳንዱን ክፍል በጣትህ እያሳየህ፣ በእንግሊዝኛ፣ ድምፅህን ከፍ አድርገህ «ይህ የፍሬን ቱቦ ነው፤ አልተቆረጠም፤ አልተሰነጠቀም፤ አየር አያፈስም» ትላለህ። ያልተናገርኸውን እንዳላየኸው ይቈጥረዋል። የአየር ፍሬኑ ሲፈተሽ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ፍሬኑን አጥብቆ ረግጦ፣ አየሩ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከ4 ፓውንድ በላይ አለመውረዱን ማሳየት ያስፈልጋል። ይህን ክፍል የሳተ ሰው ሌላውን ሁሉ ቢያውቅ ወድቋል። ከመካከላችን ሁለቱ በመጀመሪያው ቀን የወደቁት በዚህ ነው፤ ነገሩን ያውቁታል፣ አፋቸው ግን ተያዘ።

ሦስተኛው በመጀመሪያው ቀን አለፈ። እርሱ በዚህ ትምህርት ቤት ሳለ የእንግሊዝኛ መምህራችን በየማለዳው ከጥቁር ሰሌዳው ፊት እያቆሙ አንድ ገጽ በቃል ያስነግሩት ነበር። እኛ በዚያን ጊዜ ከኋላ ተቀምጠን እንስቅበት ነበር። ነገሩ ከፈተናውም ያልፋል፤ ከሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ በመንገድ ላይ ተቈጣጣሪ ሲያስቆመው በእንግሊዝኛ መልስ መስጠት ወይም የመንገድ ምልክት ማንበብ ያቃተው ነጂ መኪናውን እዚያው እንዲያቆም ይታዘዛል።

መንጃ ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ ደግሞ ኩባንያው ራሱ እንደገና ያስተምራል። አምስት የማየት ልማዶች አሉ፤ አሠልጣኙ ፊት ቃል በቃል መባል አለባቸው። በእኛ ቋንቋ ብንመልሳቸው፣ ርቀህ ተመልከት፤ ዙሪያውን ሁሉ እይ፤ ዓይንህን አንድ ቦታ አትትከል፤ ማምለጫ ይኑርህ፤ ሌሎች እንዳዩህ እርግጠኛ ሁን፤ እንደ ማለት ነው። ያለ አደጋ 25 ዓመት የነዳ በክብር መዝገብ ይጻፋል። እኛ ገና ነን።

ስለ ደመወዙ መሸሸግ አይገባንም። በ2023 እ.ኤ.አ. በተደረገው የአምስት ዓመት ውል መሠረት በጭነት ክፍል የሚጀምር ሰው በሰዓት 21 ዶላር ያገኛል፤ የሙሉ ጊዜ ነጂ ከፍተኛ ክፍያ በውሉ መጨረሻ በአማካይ 49 ዶላር ያህል ይደርሳል። ይህን ሰምቶ ሻንጣውን የሚያዘጋጅ ካለ የሚቀጥለውንም ይስማ። ኩባንያው በ2025 እ.ኤ.አ. 20,000 ያህል የሥራ ቦታዎችን እንደሚቀንስና 73 ሕንፃዎችን እንደሚዘጋ አስታውቋል። ሕንፃ ሲዘጋ በዚያ የነበረው የቆየ ሠራተኛ ወደ ሌላ ሕንፃ ሊዛወር ይችላል፤ የአዲሱ ሰው ወረፋም ይረዝማል። እኛ ሰባት ዓመት የጠበቅነውን የዛሬ ጀማሪ ስንት ይጠብቅ ይሆን?

ሦስተኛው ጓደኛችን፣ ያ በመጀመሪያው ቀን ያለፈው፣ በዚህ በዓል ላይ ለመገኘት እጅግ ይመኝ ነበር። ነገር ግን የዕረፍት ሳምንትም የሚመረጠው በሥራ ዘመን ቅድሚያ ነው፤ እርሱም ከእኛ ሦስት ወር ዘግይቶ ስለ ተቀጠረ ይህን ሳምንት ሌሎች ወሰዱበት። አሁን እኛ እዚህ ስንናገር በሲያትል ሌሊት ስለ ሆነ ሁለቱን ተሳቢዎች አያይዞ በመንገድ ላይ ነው። ለእንግሊዝኛ መምህራችን ከፍ ያለ ሰላምታ እንድናቀርብለት አደራ ብሎናል።