የአስፋልት ዳር ምግብ ቤቶች ሒሳብ
(በአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ ሒሳብ መዝገብ እንድናገር ነው የተጠየቅሁት። እናገራለሁ፤ ግን በምግብ በኩል ዞሬ ነው የምደርስበት። ለሥራ ከመራዊ አዲስ አበባ ስመላለስ ዓይኔ የሚያርፈው አሮጌ ምግብ ቤት ላይ ነው። ባለ መስታወቱ ሆቴል የትም አለ። እኔ የምፈልገው በሩ አረንጓዴ የተቀባውን፣ አግዳሚ ወንበሩ ከብዙ መቀመጥ የተነሳ የለሰለሰውን፣ ተጋቢኖው በሸክላ እየተንተከተከ የሚቀርብበትን ቤት ነው። ባንኮኒ፣ ማኪያቶ፣ ፉርኖ የሚሉት ቃላት ከጣሊያን ቀርተው እዚያው ቤት ውስጥ ጎጃሜ ሆነዋል።

ከጎሐ ጽዮን ደጀን ለመድረስ የአባይን በረሃ ወርዶ መውጣት ግድ ነው። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው አዲስ ድልድይ መሻገሩን አቀለለ እንጂ ዳገቱን አላሳጠረውም። ያን ዳገት የወጣ ሹፌር ደጀን ላይ ይርበዋል። ቡሬ ላይ ደግሞ የነቀምት መንገድ ስለሚገነጠል የጭነት መኪናው ይቆማል። ፍኖተ ሰላም፣ እንጅባራ፣ ዳንግላ፣ የእኛው መራዊም እንዲሁ። እነዚህ ቤቶች የቆሙት በሹፌር ድካም ላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ድሮ ምግብ መሸጥ ነውር ነበር። እንግዳ ይስተናገዳል እንጂ እንጀራ በገንዘብ ይሰጣል እንዴ? እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባ ላይ ሆቴል ሲያቋቁሙ መጀመሪያ ደፍሮ የሚገባ ሰው ጠፍቶ፣ አፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን እየጋበዙ እንዳስለመዱ ይተረካል። እቴጌዪቱ ሲከፍቱ ሥልጣኔ ተባለ፤ ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች ሴት በአስፋልት ዳር ምጣድ ጥዳ እንጀራ ስትሸጥ ግን ኮማሪት ተባለች። ያን ስም ተሸክማ ልጆች አስተምራለች። ይህን ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም።

አሁን ወደ ሒሳቡ። በእነዚህ ቤቶች ሹፌርና ረዳት አይከፍሉም። ብዙዎቻችሁ ይህን እንደ ኪሳራ ስትቆጥሩት እሰማለሁ። እስቲ እናስላው። 60 ሰው የጫነ አውቶቡስ ቆመ እንበል፤ ግማሹ ቢበላ 30 ሳህን ይሸጣል። በነፃ የወጣው 2 ሳህን ነው፤ ከተሸጠው ጋር ሲተያይ ከመቶ 7 እንኳ አይሞላም። ይህ ኪሳራ ሳይሆን ገበያ ማምጫ ወጪ ነው። መጻፍ ግን አለበት። ካልተጻፈ ማታ እንጀራው ሲጎድል ሠራተኛዋ ሰረቀች ይባላል። እንዲህ ተብላ የተባረረች ልጅ አውቃለሁ።

ከዚህ የሚብሰው የቤት ፍጆታ ነው። ልጆቻችን የሚበሉት ከዚያው ድስት ነው፤ ዘመድ ሲመጣም ከዚያው። ቀኑን ሙሉ ገበያ ደርቶ ይውላል፣ ጤፍ የሚገዛበት ቀን ሲደርስ ገንዘብ የለም። ጾም ሲገባና ሲፈታም ሽያጩ ይለዋወጣል፤ የሁዳዴን ሽያጭ ከፋሲካ ማግስት ጋር አስተያይቶ ከሰርኩ ማለት አይገባም። መንገድ የተዘጋባቸውን ሳምንታትማ ታውቋቸዋላችሁ። እኔ ከማውቃቸው ቤቶች ያን ጊዜ ያልዘጉት ለሰፈር ሰው በዱቤ እየሸጡ ደብተር የያዙት ናቸው።

የብድር ኮሚቴያችን ምግብ ቤት ላላት አባል ማበደር ይፈራል። ቤቱ አሮጌ ነው፣ ኪራይ ነው፣ ማስያዣ የለውም ይላል። እኔ አልስማማም። ሁለት ጊዜ ተናግሬያለሁ፣ ይህ ሦስተኛዬ ነው። የአሮጌ ቤት ማስያዣው ደንበኛው ነው። ኮሚቴው ደንበኛውን ቆሞ ሊቆጥር አይችልም፤ በደብተር ግን ሊያየው ይችላል። ደጋፊዎቻችንንም የምለምነው፣ ለቀለምና ለወንበር ከመስጠታችሁ በፊት ለሒሳብ ሥልጠና እንድትሰጡ ነው። አግዳሚው ባይቀየር እንዲያውም ይሻለኛል።

ስለዚህ ምግብ ቤት ያላችሁ አባላት ከፊታችን ሰኞ ጀምሮ ለአራት ሳምንት በየማታው ጻፉ፦ የተሸጠውን፣ በነፃ የወጣውን፣ ቤት የተበላውን፣ በዱቤ የሄደውን። መጻፍ የማትችል ልጇን ታስጽፍ፤ ጭረትም ይበቃል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቢሮ እገኛለሁ፤ ይዛችሁ ኑና አብረን እንደምረው። በሚቀጥለው ስብሰባ ያንን ይዤ ኮሚቴው ፊት እቀርባለሁ።