አንድ እግር ስንት ባለሙያ ይፈልጋል?



በምረቃ ቀን እንግዳ የሚጠራው ምክር እንዲሰጥ ነው። ጋዋን ለብሶ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ወጣት ግን ምክር ከጆሮው አይገባም፤ እናቶችም ሐሳባቸው ቤት ካለው ድግስ ላይ ነው። ስለዚህ ሰፊውን ነገር ትቼ ስለ አንድ እግር ብቻ እናገራለሁ።

በ2003 ዓ.ም. ሚያዝያ አካባቢ ተመራማሪዎች እዚሁ ጎጃም ወደ ደምበጫና ደብረ ኤልያስ ወረዳዎች መጥተው በ20 ቀበሌዎች ከ17,500 በላይ ቤቶችን አንኳኩ። የሚፈልጉት ዝሆኔ፣ ማለትም እግርን የሚያሳብጠው በሽታ፣ የያዘውን ሰው ነበር። 15 ዓመት ከሞላቸው ሰዎች መካከል ስርጭቱ 3.3 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ከታማሚዎቹ 87 በመቶዎቹ ለሥራ በደረሰ ዕድሜ ላይ ያሉ ነበሩ። እግራቸው ማበጥ ከጀመረ በኋላ ሕክምና ፍለጋ የወጡት በአማካይ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። እግሩ እየጋለ፣ ትኩሳት እያስያዘ አልጋ ላይ የሚጥላቸው ሕመም በዓመት ውስጥ ተደምሮ 90 ቀን ይወስድባቸዋል። ሦስት ወር ለጎጃም ገበሬ ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

ምክንያቱ ይታወቃል። በ1960ዎቹ ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በአገራችን ተዘዋውሮ እንዳጠናው፣ ደጋውና ዝናባማው አገር ያለው ቀይ አፈር በባዶ እግር ለዓመታት ሲረገጥ፣ የደቀቁ ማዕድናቱ በቆዳ ገብተው የሰውነት ፈሳሽ የሚመላለስበትን መስመር ይጎዳሉ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እርግማንም አይደለም። አንዳንድ ቤተሰብ በተፈጥሮው ይበልጥ ይጋለጣል እንጂ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ያደረገ እግር በዚህ ዝሆኔ አይያዝም። የደምበጫና የደብረ ኤልያሱ ጥናት ሌላም ነገር መዝግቧል፦ ታማሚዎቹ መጀመሪያ ጫማ ያደረጉበት ዕድሜ መካከለኛው 22 ዓመት ነበር።

ሕክምናውም አይከብድም። በሳፋ ንጹሕ ውኃ ይቀዳል፤ ጥቂት በረኪና ጠብ ይደረግበታል። እግሩ ይነከራል። ከዚያ በሳሙና፣ በጣቶቹ መካከልና በቆዳው እጥፋት ውስጥ ሳይቀር፣ በቀስታ ይታጠባል። በንጹሕ ጨርቅ ይደርቃል፤ ቅባት ይቀባል፤ ካስፈለገ በፋሻ ይጠቀለላል፤ ካልሲና ጫማ ይደረጋል። ሲቀመጡ እግር ከፍ ይላል። ነገም እንዲሁ፤ ከነገ ወዲያም እንዲሁ። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሰዎች የተሳተፉበትና በ2010 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፣ ይህንኑ ለዓመት የተከታተሉት ሰዎች አልጋ ላይ የሚጥላቸው ሕመም የሚነሣበት ጊዜ ብዛት በአንድ አምስተኛ ያህል እንደቀነሰ አሳይቷል።

አሁን ነርሷ ይህን ሁሉ ለአንዲት እናት አሳይታ ሸኘቻት እንበል። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ጣጣው የሚመጣው እናቲቱ ቤቷ ስትደርስ ነው። ምንጩ ከቁልቁለቱ ሥር ነው፤ ውኃውን ማን ይቅዳላት? ልጅቱ ትቅዳ ከተባለ ትምህርት ቤት ማን ይሂድ? ሳሙናው ሲያልቅስ? ቅባቱ ከጤና ጣቢያው መድኃኒት ቤት ቢጠፋ የፋርማሲ ባለሙያው ቀድሞ ያውቃል፤ ለነርሷ ካልነገራት ግን ሴትየዋ ግማሽ ቀን ተጉዛ ባዶ እጇን ትመለሳለች። እብጠቱ ከልብ ወይም ከኩላሊት የመጣ እንዳይሆን መለየት የሐኪሙና የላቦራቶሪው ፋንታ ነው። ቤቷን ገብቶ ያየ ሰው ደግሞ ማነው? በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው ፕሮግራም በየቀበሌው የተመደበችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። ሴትየዋ ከዕድር መቅረቷን፣ የልጇ ጋብቻ «በዘራቸው አለ» ተብሎ መፍረሱን የምትሰማው እሷ ናት። ለዚህኛው ቁስል ፋሻ የለንም። የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ ያስፈልገዋል፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያስፈልገዋል፤ ከቅዳሴ በኋላ ሁለት ቃል የሚናገሩ የንስሐ አባትም ያስፈልጉታል።

ከሁሉ በላይ ጫማ ሰፊ ያስፈልጋል። ያበጠ እግር ከገበያ በተገዛ ጫማ ውስጥ አይገባም፤ ለክቶ፣ አስፍቶ የሚሰፋ ሰው ይፈልጋል። እኛ ደግሞ በቆዳ ሥራ የሚተዳደረውን ወገናችንን «ፋቂ» እያልን ከማዕድ ስናርቅ የኖርን ሕዝብ ነን። ይህን ሽማግሌዎች ባሉበት መናገሬ ይቅርታ ይደረግልኝ፤ ግን እውነት ነው። ወላይታ ላይ ለዚህ በሽታ የተቋቋመው ማኅበር ታማሚዎቹን ራሳቸውን ጫማ መስፋት አስተምሯል። በእኔ ሚዛን ያ ጫማ ሰፊ የሕክምናው ቡድን ሙሉ አባል ነው።

በዚህ ቦታ ላይ ተናጋሪ ሁሉ ደቦን ይጠራል። እኔ አልጠራም። በደቦ ሁሉም ያው ማጭድ ይዞ ያችኑ አዝመራ ያጭዳል። እዚህ ግን እያንዳንዱ የያዘው መሣሪያ ሌላ ነው፤ አንዱ የሌላውን ሥራ ምንነት ካላወቀ ወዴት እንደሚልከው አያውቅም። ይህ ደግሞ በተፈጥሮ የሚመጣ ጠባይ ሳይሆን ትምህርት ነው።

ትምህርቱም የባዕድ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የተለያየ ሙያ ያላቸው ሰዎች አብረው፣ አንዱ ከሌላው፣ አንዱ ስለ ሌላው ይማሩ ብሎ ማዕቀፍ ያወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። ጎንደር ላይ ግን ወባ አጠገቧ ያለችውን ደምቢያን ካመሰ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት ጤና መኮንን፣ ኮሚኒቲ ነርስና ሳኒታሪያን በአንድ ግቢ ይሠለጥኑ ነበር። ሊመረቁ ሲቃረቡ በቡድን ሆነው ገጠር ጤና ጣቢያ ወርደው ይሠሩ ነበር። መጸዳጃ የሚያስቆፍረው፣ እናቶችን የምትጎበኘው፣ በሽተኛ የሚመረምረው አብረው ያድራሉ፤ ማታ ስለ አንድ ቤተሰብ ይነጋገራሉ። የጅማው የጤና ሳይንስ ተቋምም በ1975 ዓ.ም. ሲቋቋም ኅብረተሰቡን የትምህርቱ መሠረት አደረገ፤ ቲም ትሬኒንግ የምንለው ይህ የቡድን ልምምድ ዛሬም አለ። ከእናንተ መካከል በዚህ ያለፈ ሰው ካለ ስለ እንቅልፉና ስለ ምግቡ ሲያማርር ሰምቼ ይሆናል፤ የተማረውን ግን በሥራ ላይ ያየዋል።

የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ዕጣ ግን የከፋ ነበር። አዲስ አበባ ላይ በ1951 ዓ.ም. የተከፈተው ትምህርት ቤት በደርግ ዘመን ተዘግቶ ለብዙ ዓመታት ሳይከፈት ቆየ። የዚያን ክፍተት ዋጋ እስከ ዛሬ እየከፈልን ነው። በብዙ ጤና ጣቢያዎች የሰውን ችግር ከነቤቱ የሚያይ ባለሙያ መደብ የለም፤ ሥራው የማንም ስላልሆነ ነርሷ ላይ ይወድቃል።

አብሮ መሥራቱ ለምን እንደማይሳካልንም እንናገር። እንቅፋቱ የበጀት ብቻ አይደለም፤ ማዕረግ ነው። ሞርኒንግ በምንለው የጠዋት ስብሰባ ላይ ሌሊቱን ተረኛ ሆና ያደረችው ነርስ ስትናገር ስልክ የሚነካካ ሐኪም አለ። ሌሊቱን ከበሽተኛው አጠገብ የነበረችው ግን እሷ ናት። ነርስም በተራዋ የጽዳት ሠራተኛዋን አትሰማም፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ግን የትኛው ታካሚ ምግቡን ሳይነካ እንደመለሰ ታውቃለች። ሁላችንም ከላይ ያለውን እንወቅሳለን፤ ከታች ያለውን አንሰማም። ይህን ሰንሰለት ዛሬ ዲግሪ የተቀበላችሁት ልትሰብሩት ትችላላችሁ፤ ገና አልለመዳችሁትምና።

ተመራቂዎች፣ ከእናንተ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። በተመደባችሁበት በመጀመሪያው ሳምንት የካርድ ክፍሉን፣ የላቦራቶሪውን፣ የፋርማሲውን ሰው በስም እወቁ፤ ጤና ኬላ ወርዳችሁ ከኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር አንድ ቀን ቤት ለቤት ዙሩ። ደግሞም የሪፈር ወረቀት ግርጌ ላይ ተቀባዩ ሞልቶ ለላኪው የሚመልሰው ክፍል አለ። ብዙ ጊዜ ባዶውን ይቀራል፤ የላከችው ባለሙያም የበሽተኛዋን መጨረሻ ሳታውቅ ትኖራለች። እባካችሁ፣ እሱን ክፍል ሙሉትና መልሱላት።