የመስሚያ መርጃ መሣሪያና የእጅ ስልክ፦ የአጥቢያዎች ድርሻ

(በቱሉ ዲምቱ ለአጥቢያ ሰበካ ጉባኤያት አባላት የቀረበ ንግግር)



ቱሉ ዲምቱ ከመሐል ከተማ ርቃ የምትገኝ፣ ብዙ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ያሉባት ሠፈር ናት። ከነባር ሠፈራቸው ወደዚህ የመጡ አረጋውያን ከቀድሞ ጎረቤቶቻቸው፣ ከዕድራቸውና ከንስሐ አባታቸው ጋር የሚገናኙት በአብዛኛው በእጅ ስልክ ነው። የዝክር ጥሪው፣ የዕድሩ መልእክት፣ ባሕር ማዶ ያለው ልጅ ድምፅ ሁሉ በዚያ ይመጣል። ጆሮው የደከመ ሰው ስልክ መስማት ሲያቅተው ታዲያ የሚቋረጠው ማኅበራዊ ኑሮው ጭምር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት፣ ድጋፍ የሚያሻው የመስማት ችግር ያለባቸው ሰዎች ከ430 ሚሊዮን እንደሚበልጡ ገልጿል።

መሣሪያውን ካገኙትም መካከል ስልክ ሲደወል ከጆሯቸው የሚያወልቁት አሉ። ምክንያቱ በአመዛኙ ሁለት ነው። አንደኛው ፉጨት ነው። ስልኩ ጆሮን ሲሸፍን ከመሣሪያው የወጣው ድምፅ ተመልሶ ወደ ማይክሮፎኑ ይገባል። ከጆሮ ጀርባ በሚንጠለጠለው ዓይነት ማይክሮፎኑ ያለው ከጆሮ በላይ ስለሆነ፣ ስልኩን ወደዚያው ከፍ አድርጎና ጥቂት አራርቆ መያዝ ይረዳል። ፉጨቱ ካልቀረ የጆሮ ኩክ ወይም በልክ ያልተሠራ መሰኪያ ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ይየው።

ሁለተኛው ዝዝታ ነው። በሁለተኛው ትውልድ ኔትወርክ የሚሠራ ስልክ ሞገዱን በሰከንድ 217 ጊዜ ያህል እየቆራረጠ ስለሚልክ፣ መሣሪያው ያንን እንደ ንብ ድምፅ ያሰማዋል። በሦስተኛውና በአራተኛው ትውልድ ኔትወርክ ይህ በእጅጉ ይቀንሳል። ስለዚህ ለወላጁ ስልክ የሚገዛ ልጅ ወላጁን ይዞ ይሂድ፤ መሣሪያው በጆሮ ሳለ ደውሎ ይሞክር። በአንዳንድ መሣሪያዎች ላይ ደግሞ ቴሌኮይል አለ፤ ተስማሚ ስልክ ሲገኝ ድምፁን በመግነጢስ ስለሚቀበል የአካባቢውን ጫጫታ ያስቀራል።

ብዙ ቤተሰብ የሚመርጠው ግን ስፒከር መክፈትን ነው። ለሰላምታ ይበቃል፤ ሆኖም የንስሐ አባት ምክርና የሐኪም ቃል በግድግዳ ተሻግሮ ለጎረቤት ይሰማል። ከዚህ የከፋው ስልኩን ለሌላ ሰጥቶ ማነጋገር፣ የቴሌብር የምስጢር ቁጥርንም አሳልፎ መስጠት ነው። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 እንደተጻፈው፣ ጌታችን መስማት የተሳነውን ሰው የፈወሰው ከሕዝቡ ለይቶ ወስዶ ነው። ረድኤታችንም የሰውን ክብርና ምስጢር የሚጠብቅ ሊሆን ይገባል።

ስለዚህ ከአጥቢያዎች የምንጠይቀው ጥቂት ነው። ካህናት አባቶቻችን ለእነዚህ ምእመናን ከመደወላቸው በፊት አጭር የጽሑፍ መልእክት ይላኩ፤ ማንበብ ለማይችሉት በአካል ይድረሱላቸው። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የስልኩን ድምፅና ንዝረት ያስተካክሉላቸው፣ አያያዙን ያሳዩአቸው፤ የምስጢር ቁጥር ግን ፈጽሞ አይጠይቁ። ሁላችንም ስናነጋግራቸው አንጩኽ፤ ጩኸት ቃሉን ያበላሻል፤ ረጋ ብለን ቃሉን ለይተን እንናገር።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ስልኩ ሲጠራ የማያነሣው ምእመን ችላ ብሎ ነው ወይስ ስለማይሰማ? የሚቀጥለውን የሰበካ ጉባኤ ስብሰባችሁን በዚህ ጥያቄ እንድትጀምሩ በአክብሮት እንጠይቃለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።