የተጻፈው ተገኘ

እኅቶቼ፣ ዛሬ ስለ አንዲት የሰመጠች መርከብ ላውራችሁ፤ ነገሩ ከደሞዛችን ጋር ይገናኛል።

መርከቧ ጆን ባሪ ትባላለች፤ በእንፋሎት የምትሄድ የአሜሪካ መርከብ ናት። እ.ኤ.አ. በ1944፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ 3 ሚሊዮን ሪያል ጭና ወደ ሳዑዲ ትሄድ ነበር። ያኔ ሳዑዲ የራሷ የወረቀት ገንዘብ አልነበራትም። ሪያሉ ከብር ማዕድን የተሠራ ሳንቲም ነው፤ ሠራተኛም ደሞዙን የሚቀበለው በእሱ ነበር። ኦገስት 28 ቀን፣ ከኦማን ፊት ለፊት ባለው የዓረብ ባሕር ላይ፣ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ በቶርፔዶ መታት። ሁለት ሰዎች ሞቱ። ሳንቲሙም ከ2,500 ሜትር በላይ ወደ ታች ሰመጠ።

ከ50 ዓመት በኋላ፣ በ1994፣ ፈላጊዎች ከባሕሩ ወለል ከ1 ሚሊዮን በላይ ሳንቲም አወጡ።

አሁን ልብ በሉልኝ። «መርከቧ ላይ 26 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ሌላ ብርም አለ» ተብሎ ብዙ ተወርቶ ነበር። እሱ አልተገኘም። በመዝገብ የሰፈረው ሪያል ግን ተገኘ።

«ደሞዝሽ እኔ ጋ ይቀመጥ፣ ስትሄጂ ትወስጂዋለሽ» የተባልሽ እኅቴ፣ ያ ወሬ ነው። የተቀበልሽበትን ቀንና መጠኑን ጻፊ። ያልተከፈለሽንም ወር ጻፊ። ኮንትራትሽንና የሐዋላ ደረሰኝሽን በስልክ ፎቶ አንሥተሽ ለቤተሰብ ላኪ። ነገ ለክስ ብትሄጂ መጀመሪያ የምትጠየቂው ማስረጃ ነው።

ደብተር የሌላት ከስብሰባው በኋላ ከእኔ ትውሰድ።