ቃታው የሚከብደው ለምንድን ነው?

በዱባይ፣ በሻርጃና በአጅማን ያላችሁ ወገኖቼ፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ፔይንትቦል መሣሪያ ቃታ ነው። በሻርጃ ጎልፍና ተኩስ ክለብም ይሁን በሌላ ሜዳ፣ በዕረፍት ቀን ከጓደኞቻችሁ ጋር የቀለም ጥይት የተታኮሳችሁ ሁሉ ነገሩን ታውቁታላችሁ። ጨዋታው ሲገፋ ጣት ይዝላል። ቃታው ይከብዳል፣ ይንገጫገጫል፣ ሲሳብም አፈሙዙን ወደ ጎን ይዞት ይሄዳል። ያኔ አንዱ ጓደኛ ብቅ ይልና «ሞላውን ቁረጠው፣ ይቀልልሃል» ይላል። እኔ እነዚህን መሣሪያዎች እየፈታሁና እየገጠምኩ የምውል ሰው ነኝ። የመጣሁት ይህን ምክር እንዳትሰሙ ልለምናችሁ ነው።

ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር ግዛት ሲጀመር 12 ተጫዋቾች ብቻ ነበሩ። የያዙት ዛፍና ከብት ምልክት የሚደረግበትን የቀለም ሽጉጥ ነበር። ለእያንዳንዱ ጥይት በእጅ እየሳቡ ማቀባበል ስለነበረባቸው ስለ ቃታ ክብደት የሚጨነቅ አልነበረም። በራሱ የሚያቀባብለው መሣሪያ ሲመጣ ነው ቃታ ጉዳይ የሆነው።

አሠራሩን ልንገራችሁ። እንደ ቲፕማን 98 ባለው ባትሪ የሌለው መሣሪያ ውስጥ በጠንካራ ሞላ የሚገፋ መቺ ብረት አለ። መቺውን ወደ ኋላ ጠብቆ የያዘው ጥርስ ያለው ትንሽ ብረት ነው። በሙያው ሲር ይባላል፤ እኔ «ያዡ» እያልኩ ልቀጥል። ቃታውን ስትስቡ ያዡ መቺውን ይለቀዋል፤ መቺው ተወርውሮ ቫልቩን ይመታል፤ የታመቀው አየር ይወጣና የቀለም ኳሷን ይገፋታል። ከዚያው አየር ከፊሉ መቺውን ወደ ኋላ ይመልሰዋል፣ ያዡም መልሶ ይነክሰዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ዓይን እስኪጠቀስ ባልሞላ ጊዜ ነው።

እንግዲህ ጣታችሁ የሚታገለው ከቃታው ሞላ፣ ከያዡ ሞላ፣ ደግሞም ብረት ከብረት ሲፋተግ ከሚፈጠረው ፍትጊያ ጋር ነው። ሞላዎቹ በልክ የተሠሩ ናቸው። ፍትጊያውን ግን የዚህ አገር አየር ይጨምርበታል። እዚህ አሸዋው እንደ ዱቄት የላመ ነው፤ ከባሕሩ የሚነሳው ወበቅ ደግሞ ያጣብቀዋል። ሰው ቃታው ሲከብደው ዘይት ያፈስበታል፤ ዘይቱ አሸዋውን ይሰበስብና ከሞረድ የማይተናነስ ጭቃ ይሆናል። በቅርቡ አንድ ወንድማችን ያመጣልኝን ስፈታ፣ ከቃታው ፒን ሥር የወጣው ነገር ድልህ ይመስል ነበር። በጨርቅና በጆሮ መጥረጊያ ጥጥ ጠረግኩት፣ ገጠምኩት፣ ሌላ ምንም አልነካሁም። ሲስበው ግን «ሌላ ቃታ ቀየርክልኝ እንዴ?» አለኝ።

ስለዚህ መጀመሪያ ጽዳት ነው። የአየር ጠርሙሱን ንቀሉ፣ ኳሶቹን አውጡ፣ ጭንብላችሁን እንዳደረጋችሁ ወደ ባዶ ቦታ አነጣጥራችሁ ውስጥ የቀረውን አየር ተኩሳችሁ ጨርሱ። ብሎኖቹን ፈትታችሁ ጎኑን ስትከፍቱ፣ እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ትንንሾቹ ሞላዎች ተፈናጥረው ከወጡ የትኛው የት እንደነበር የሚነግራችሁ ፎቶው ብቻ ነው።

ከጸዳ በኋላም ካልረካችሁ ማለስለስ ይቻላል። የብርጭቆ ወረቀት ያስፈልጋል፤ 600 ቁጥር፣ ከዚያ 1000፣ መጨረሻ ላይ 2000። ወረቀቱን በመስተዋት ላይ ዘርጉት፣ በውሃ አርጥቡት፣ የቃታውን ሁለት ጎኖች ጠፍጣፋ አድርጋችሁ በቀስታ አመላልሱ። ፒኑን፣ ቃታው ያዡን የሚገፋበትንም ቦታ እንዲሁ። ዓላማው ፋብሪካው የተወውን ጭረት ማጥፋት እንጂ ብረቱን መቀነስ አይደለም። ቃታው ግራ ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ በሁለቱም ጎን ስስ ሮንዴላ አስገቡለት፤ ከግድግዳው ጋር መፋተጉን ይተዋል። ፒኑ ላይ የጤፍ ቅንጣት የምታህል ግራሶ ትበቃለች።

የያዡን ጥርስና መቺው የሚያዝበትን ጠርዝ ግን በምንም ምክንያት አትሞርዱ። መቺውን የሚይዘው የዚያ ጠርዝ ማዕዘን ነው። ሞላ መቁረጥንም የምከለክለው ለዚሁ ነው፤ የያዡ ሞላ ከደከመ መቺው ሲመለስ ያዡ ፈጥኖ አይነሳም፣ መቺው ያመልጣል፣ መሣሪያው ጣታችሁ ሳያዝዘው ደጋግሞ ይተኩሳል። አጅማን ውስጥ አንድ ወጣት ሞላውን ቆርጦ ያቀለለውን መሣሪያ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጠው ተኮሰ። ኳሷ ግድግዳ ላይ ፈነዳች። አጠገቡ የቆመው ጓደኛው ጭንብሉን አውልቆ ውሃ እየጠጣ ነበር። ያን ግድግዳ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይደነግጣል።

ባለ ባትሪዎቹ ሌላ ናቸው። የቃታውን ጉዞ በትንሽ ብሎን ታሳጥራላችሁ፤ ከመጠን በላይ ካሳጠራችሁት አንዴ ስትስቡ ሁለቴ ይተኩሳል።

ደግሞ በጣም የቀለለ ቃታ ጥሩ ቃታ ነው ማለት አይደለም። የዱባዩ ሼክ አሕመድ ቢን ሐሸር አል መክቱም እ.ኤ.አ. በ2004 በአቴንስ ኦሎምፒክ ለኤምሬትስ የመጀመሪያውን ሜዳሊያ፣ ያውም ወርቅ፣ ያመጡት በደብል ትራፕ ተኩስ ነው። ሁለት የሸክላ ዒላማዎች በአንድ ጊዜ ይወረወራሉ፣ ተኳሹ በሁለት ጥይት ሁለቱንም መምታት አለበት። እንዲህ ላለው ተኩስ ጣት ቃታው የት ላይ እንደሚለቅ ማወቅ አለበት። ለእኛም ጨዋታ የምፈልገው ይህንኑ ነው፦ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚለቅ ቃታ።

ገጥማችሁ ስትጨርሱ ኳስ ሳትጨምሩ፣ ጭንብል አድርጋችሁ፣ አየር ሙሉበት። በቀስታ ሳቡ፣ በፍጥነት ሳቡ፣ እጀታውን በመዳፋችሁ መታ መታ አድርጉት። ሳይሳብ ከተኮሰ፣ ሞላ ነክታችሁ ከሆነ የነበረውን መልሱ። ሜዳ ስትደርሱም የኳሷን ፍጥነት አስለኩ፤ የተለመደው ጣሪያ በሴኮንድ 300 ጫማ፣ ማለትም 91 ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ፍጥነት የምትሄድ 3 ግራም ኳስ ዓይን ታጠፋለች።

ከውጭ አገር መሣሪያ ገዝታችሁ በሻንጣ ለማስገባት ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ፖሊስን ጠይቁ። የኪራይ ከሆነ ደግሞ አትፍቱት፤ ለሜዳው ሠራተኛ «ቃታው ይከብዳል፣ አጽዱልኝ» በሉት።