ረዳት ሁኑ ልላችሁ ነው የመጣሁት

  

የትራክ መንጃ ትምህርት ቤቱ ተመራቂዎች፣ እንኳን ደስ አላችሁ! የጋበዘኝ ወንድሜ «ለመማር ዕድሜ አያግድም ብለህ አበረታታቸው» ብሎኝ ነበር። አልልም። ከእናንተ መካከል ሃምሳን የተሻገረው ጋቢና ላይ ሲወጣ ጉልበቱ የሚያሰማውን ድምፅ እኔም አውቀዋለሁ፤ እኔም የጀመርኩት ሃምሳን አልፌ ነው። የፌዴራሉ ሕግ ከስቴት ስቴት ጭነት ለማመላለስ 21 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል ይላል እንጂ ከዚህ ዕድሜ በላይ አይቻልም አይልም። ሐኪሙ ግን ሊል ይችላል። የደም ግፊታችሁ ከ140 በ90 በታች ከሆነ የሁለት ዓመት የጤና ካርድ ታገኛላችሁ፤ ከዚያ በጥቂቱ ካለፈ ካርዱ ወደ አንድ ዓመት ያጥርና በየዓመቱ ስትመላለሱ ትኖራላችሁ። ዛሬ ክትፎውን አልከለክላችሁም። ከሰኞ ጀምሮ ግን ራት የትራክ ስቶፕ ሆት ዶግ ሲሆን፣ እንቅስቃሴ ደግሞ መሪ ማዞር ብቻ ሲሆን፣ ግፊት እንዴት እንደሚወጣ ታዩታላችሁ። በጋቢና ኤሌክትሪክ የምትሠራ ትንሽ ማሞቂያ ግዙና ሽሯችሁን ከቤት ይዛችሁ ውጡ።

ማን እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ግማሾቻችሁ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ታክሲ ስትነዱ አብረን ዩኒየን ስቴሽን ሰልፍ ይዘናል። በ2011 መጨረሻ ኡበር ሲመጣ ገበያው ከእጃችን ወጣ። በ2020 ደግሞ የኮቪድ ወረርሽኝ ዱለስ ኤርፖርትን ባዶ ሲያደርገው የፓርኪንጉም፣ የሊሞውም፣ የኤርፖርት ሱቁም ሥራ አብሮ ቆመ። ከዚያ በኋላ ነው «ትራክ ገባህ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከቡናው ጠረጴዛ የማይጠፋው። ከእናንተ ውስጥ አስተማሪ የነበረ አለ፣ ባንክ ውስጥ ሒሳብ ሹም የነበረ አለ፣ አዛውንት ስትንከባከብ የኖረች እህት አለች። ሁላችሁም አንድ ጊዜ የተከበረ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ። እኔን የሚያሰጋኝም ይኸው ወንበር ነው።

ለምን እንደሚያሰጋኝ ልንገራችሁ። ያደግሁት ኮምቦልቻ ነው። አጎቴ ኤንትሬ ፊያት ከነተሳቢው ይነዳ ነበር፤ ከአሰብ ጭኖ በሚሌ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ። የ1998ቱ (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ገና አልመጣም፣ የአሰብ መንገድም አልተዘጋም። አንድ ክረምት አዲስ አበባ ይዞኝ ወጣ። ደብረ ሲናን አልፈን የጣርማ በርን ዳገት ስንጀምር ጉሙ ወርዶ መንገዱን ዋጠው፤ መኪናው በሰው እርምጃ ነበር የሚወጣው። ያኔ አብሮን የነበረው ረዳት በሩን ከፍቶ ዘሎ ወረደ። ታኮውን አንሥቶ ከኋላ ጎማው አጠገብ በእግሩ ይከተለን ጀመር። አጎቴ ማርሽ በቀየረ ቁጥር መኪናው አፍታ ያመነታል፤ በዚያች አፍታ ልጁ ታኮውን ከጎማው ሥር ደገፍ ያደርጋል፣ ስንንቀሳቀስ ያነሣል፣ ደግሞ ይሮጣል። በስፖኪዮ ሳየው ብርዱ አፉን አጭሶት ነበር። ዳገቱን ጨርሰን ምግብ ቤት ስንገባ ውኃ ቀድሞ የፈሰሰው ለአጎቴ እጅ ነው። ጥብሱም ለእሱ መጣ። ረዳቱ ጭነቱን ሲጠብቅ ቆይቶ የተረፈውን በላ። ስሙን እስከ ዛሬ አላውቀውም፤ ሁሉም «አንተ!» ነበር የሚለው።

የሰፈራችን ልጅ ሁሉ ሾፌር መሆን ይመኝ ነበር። ረዳት መሆን የተመኘ አልነበረም።

አሜሪካ ረዳት የለም። ጋቢናው ሰፊ ነው፣ አልጋ አለው፣ ማቀዝቀዣ አለው፣ ከኋላችሁ 53 ጫማ ሣጥን አለ፣ ሲጫን ጠቅላላ ክብደቱ እስከ 80,000 ፓውንድ ይደርሳል፤ ወርዶ የሚያይላችሁ ሰው ግን የለም። ትምህርት ቤቱ ዛሬ ሾፌር አድርጓችኋል። እኔ ደግሞ ረዳት ሁኑ ልላችሁ ነው የመጣሁት። አሥር ጊዜ የሚወርደው፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ ከተሳቢው ሥር የሚያየው፣ እጁ ግራሶ የሚነካው፣ ማንም «ጋሼ» የማይለው እሱ ሁኑ።

ይህ ከማንም በላይ የገባው ያሠለጠንኩት አንድ ሰው ነው። ወሎ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማረ፣ ኮቱን ሳይቆልፍ ከቤት የማይወጣ ሰው። አንድ ሌሊት ፔንሲልቬንያ፣ ካርላይል ደረስን፤ ከአይ 81 ዳር ያለው የመጋዘን መንደር ነው፣ ብዙዎቻችሁ ታዩታላችሁ። ጠባቂው የዶክ፣ ማለትም የመጋዘኑ መጫኛ በር፣ ቁጥር ሰጠን። በሁለት ተሳቢዎች መካከል ያለች ጠባብ ቦታ ናት፤ ከእኛ ኋላ ደግሞ ሌሎች መኪኖች መንገድ እስክንለቅላቸው ቆመዋል። መምህሩ መኪናውን አስተካክሎ ፍሬን ያዘ፤ ባትሪውን ይዞ ወረደ። እስከ ኋላ ሄደ፣ በእግሩ ለካ፣ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ተመለሰ። ሁለት ሜትር ወደ ኋላ ሄደ። ቆመ። ደግሞ ወረደ። ከኋላችን ያለው ክላክስ አደረገ። መምህሩ እንዳልሰማ ሆኖ ተመልሶ ወጣ፣ መሪውን ትንሽ አዞረ፣ ትንሽ ሄደ፣ ደግሞ ወረደ። አሁን ክላክሱ ረዘመ፤ መስኮት ተከፍቶ ስድብ መጣ። እኔ እንኳ በቀኝ ወንበር ላይ ተቁነጠነጥኩ። እሱ ግን ኮቱን አስተካክሎ በቀጥታ ወደ ተሳዳቢው ሄደ። ጥል መጣ ብዬ በሩን ስከፍት፣ መምህሩ በዚያ በጥንቃቄ በተቆጠረ እንግሊዝኛው «እንደምን አመሹ፤ ሥራዎን ስላጓተትኩ ይቅርታ። እዚያ ቆመው ኋላዬን ቢያዩልኝ ሁለታችንም ቶሎ እናርፋለን» ይለዋል። ሰውየው ጥምጥም ያሰረ የፑንጃብ ሰው ነበር። አፍጥጦ አየው፣ ሳቀ፣ ወረደና እጁን ዘርግቶ ና፣ ና፣ ግራ፣ ቁም ይል ጀመር። ከኮምቦልቻ ወዲህ እንደዚያ ያለ ረዳት አላየሁም! መኪናው ገባ። ወርጄ ሳይ ከተሳቢው ጥግ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ብጫ የብረት ምሰሶ ቆሟል፤ ከሁለቱም ስፖኪዮ አይታይም። መምህሩ ገና በመጀመሪያው ወርዶ አይቶት ኖሯል።

አላፈርክም ወይ ስለው፣ «ሠላሳ ዓመት ተማሪዬን ካልገባህ ጠይቅ ስል ኖሬ፣ እኔ ለመጠየቅ ላፍር ነው?» አለኝ።

እኛን የሚጎዳን ይሉኝታ ነው። ወጣቱ ሰው አየኝ አላየኝ ሳይል ይወርዳል፤ ልጅ ነው ይባልለታል። እኛ ሸብተን፣ ከኋላችን ሰልፍ ቆሞ፣ ሦስተኛ ጊዜ መውረድ ይከብደናል። «ይገባል» ብለን እንሄዳለን። ተሳቢ ስታገናኙም እንደዚሁ ነው። ስቦ መሞከሩ ብቻውን አይበቃም፤ ባትሪ ይዛችሁ ተንበርከኩ፤ የፊፍዝ ዊሉ፣ ማለትም የማገናኛው ሳህን፣ መንጋጋ የተሳቢውን ኪንግፒን ግጥም አድርጎ መያዙን፣ በሳህኑና በተሳቢው መካከል ብርሃን አለማለፉን በዓይናችሁ እዩ። ከግቢ ሳይወጣ አስፋልት ላይ አፍንጫውን የደፋ ተሳቢ አይቻለሁ። ሾፌሩ ሱሪው ነጭ ነበር።

ፍሬኑንም እንደ ፈተና ጸሎት አትድገሙት። ሞተር ጠፍቶ፣ ቁልፍ ተከፍቶ፣ ፔዳሉን አንድ ደቂቃ ሙሉ ረግጣችሁ ስትይዙ አየሩ ከ4 ፒኤስአይ በላይ እንዳይወርድ፤ ማስጠንቀቂያው አየሩ ከ55 በታች ሳይወርድ እንዲጮህ፤ ከ20 እስከ 45 ባለው መካከል ሁለቱ የፍሬን ቁልፎች ራሳቸው ዘለው እንዲወጡ። ይህን በቃላችሁ ትሉታላችሁ። እኔ የምጠይቃችሁ ጆሯችሁ የአየሩን ማፏጨት ይሰማል ወይ ነው። ካልሰማ ውረዱ።

ከቡድኑ ሁሉ ዘግይታችሁ የጨረሳችሁ አላችሁ አሉ። አትሳቀቁ። ከፌብሩዋሪ 7 ቀን 2022 ጀምሮ የሚሠራው የፌዴራል የሥልጠና ደንብ የሰዓት ልክ አላበጀም፤ እስክትችሉ ድረስ ነው የሚለው። እንግሊዝኛውን ግን አትናቁት። ከጁን 25 ቀን 2025 ወዲህ መንገድ ላይ ተቆጣጣሪው ጠይቋችሁ መመለስ ካቃታችሁ፣ ምልክት ማንበብ ካልቻላችሁ፣ እዚያው ከሥራ ያስቆማችኋል። የልጅ ልጃችሁ ተቆጣጣሪ ትሁን፤ እናንተ ከየት መጣሁ፣ ምን ጫንኩ፣ ስንት ሰዓት ነዳሁ እያላችሁ መልሱላት።

አሁን የምቆጣው ነገር ልናገር። ከመመረቃችሁ በፊት «ትራክ በሊዝ እንስጥህ፣ በሳምንት ይቆረጥልሃል፣ በመጨረሻ ያንተ ይሆናል» ያላችሁ አለ። እጃችሁን አታውጡ፤ አውቃለሁ። መኪናው በስምህ ሳይሆን፣ ጥገናው በኪስህ፣ ጭነቱ በእነሱ ፈቃድ ነው። መንግሥት ራሱ ያቋቋመው አጥኚ ቡድን በ2025 መግቢያ ላይ ይህ ዓይነቱ ውል ጨርሶ ይከልከል ብሎ መክሯል። በ2021 ዋጋው ሲንር ትራክ የገዙ፣ በ2023 ቁልፉን መልሰው ያስረከቡ ወገኖቻችንን ለቅሶ ቤት ውስጥ አግኝቻቸዋለሁ። የመጀመሪያውን ሁለት ዓመት በሰው መኪና ሥሩ። ጎማው ሲፈነዳ የሌላ ሰው ጎማ ይፈንዳ።

ባለቤቶቻችሁና ልጆቻችሁ፣ ትንሽ ታገሡኝ። ሾፌሩ ከ11 ሰዓት በላይ መንዳት አይችልም፤ ከዚያ 10 ሰዓት ማረፍ አለበት። ያ 10 ሰዓት የዕድር ስብሰባ፣ የልጅ ልደትና የመኪና ማጠቢያ ጊዜ አይደለም። ቀን የሚተኛ ሰው ሰነፍ አይደለም። መጋረጃውን ዝጉለት፤ ለእህታችንም ዝጉላት፣ በተለይ ለእሷ፣ ከሥራ ስትመለስ ወጥ ሥሪ እንዳትሏት።

ስልኬን ከትምህርት ቤቱ ውሰዱ። የማትችሉት ዶክ፣ ያልገባችሁ ውል፣ የፈራችሁት ቁልቁለት ሲገጥማችሁ ደውሉ። ቆማችሁ ደውሉ፤ ስልክ በእጅ ይዞ ትራክ መንዳት በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። ካላነሣሁ እየነዳሁ ነኝና መልሼ እደውላለሁ።