ፎቶ ከመነሳታችን በፊት ፎቶ አንሺውን እንየው

(በዘንድሮው የቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ ቀን ላይ የቀረበ ንግግር)



የተሰጠኝ ጊዜ አጭር ስለሆነ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ማኅበራችን የአባላትና የመምህራን ማውጫ ከነፎቶግራፋችን ሊያሳትም መሆኑን ሰምታችኋል። ኮሚቴው እንደተለመደው ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበስብና ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበውን ይመርጣል። ለወንበር ኪራይና ለወረቀት ግዢ ይሄ አሠራር ጥሩ ነው። ለሰው ፊት ግን አይበቃም። በፎቶግራፍ ሥራ ብዙ ዓመት እንደቆየ ሰው አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው የቆምኩት፤ ቀብድ ከመከፈሉ በፊት ከፎቶ አንሺው ጋር ሃያ ደቂቃ ቁጭ ብለን እንነጋገር። ለማኅበሩም፣ በግላችሁ ፎቶ ለምትነሱትም ነው የምለው።

«ለአንድ ጉርድ ፎቶ ሽማግሌ ልንልክ ነው እንዴ?» የምትሉ አትጠፉም። ለአንዳንዱ ፎቶ እውነትም አያስፈልግም። የአሜሪካ ቪዛ ፎቶ 2 ኢንች በ2 ኢንች ነው፣ ጀርባው ነጭ ነው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ መነጽርም አይፈቀድም። ሁሉን የሚወስነው ደንቡ ስለሆነ የሰፈራችሁ ፎቶ ቤት ይበቃችኋል። በዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ፣ በመጽሐፍ ጀርባ፣ በሊንክድኢን የሚወጣው ፎቶ ግን ሌላ ነው። ሰው እኛን ሳያገኘን በፊት የሚያገኘው እሱን ነው። ምን ዓይነት ሰው መስለን እንደምንታይ የሚወስነው ደንብ የለም፤ የሚወስኑት ተነሺውና አንሺው ናቸው።

እሺ፣ ስንገናኝ ምን እንጠይቅ?

መጀመሪያ ሥራውን ያሳየን። ከአሥር ሰው አሥር ምርጥ ፎቶ መርጦ ማሳየት ቀላል ነው። «የአንድ ሰው ሙሉ ቀረጻ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፎቶ አሳየኝ» በሉት፤ የደንበኛው ፈቃድ ካለው ያሳያችኋል። ሰውየው ሲጀምር ደርቆ ቆሞ፣ እየቆየ ፊቱ ከተፈታ ባለሙያው ሰው ማጫወት ያውቅበታል። እስከ መጨረሻው እንደደረቀ ከቀረ እናንተም እንደዚያው ትሆናላችሁ። ቀጥሎ እናንተን የሚመስል ሰው ጠይቁ፤ በዕድሜ፣ በቆዳ ቀለም፣ መነጽር ያደረገ፣ ሽበት ያለው።

የቆዳ ቀለም ነገር እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ለቀለም ማስተካከያ ሲልክ የኖረው ካርድ «ሸርሊ» ይባል ነበር፤ ለብዙ አሥርት ዓመታት በካርዱ ላይ የነበረችው ነጭ ሴት ናት። ፊልሙ ቀርቶ ዲጂታል ቢመጣም የእኛ ችግር በሌላ በኩል አለ። ካሜራ በራሱ ብርሃን ሲለካ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ማምጣት ይፈልጋል። ነጭ ነጠላ ለብሰን ነጭ ግድግዳ አጠገብ ስንቆም «ብርሃን በዛ» ይልና ይቀንሳል፤ ነጠላው ግራጫ ይሆናል፣ ፊታችን ይጠቁራል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው በፊታችን ይለካል፣ ብርሃኑንም ወደ ፊታችን ያመጣል። ስለዚህ «ነጠላ ለብሼ ብመጣ እንዴት ታነሳኛለህ?» በሉት። መልሱ «ግድ የለም፣ በኤዲት ይስተካከላል» ከሆነ፣ የማኪያቶውን ከፍላችሁ ተነሱ።

ከምን ያህል ርቀት እንደሚያነሳችሁም ጠይቁ። በእጃችን ዘርግተን በስልክ የምንነሳው ፎቶ አፍንጫችንን የሚያገዝፈው ካሜራው በጣም ስለሚቀርብ ነው። ለጉርድ ፎቶ አንድ ሜትር ተኩል ወይም ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ከ85 እስከ 105 ሚሊ ሜትር በሆነ ሌንስ ማንሳት የተለመደ ነው። የምትነሱበት ክፍል ለዚህ የማይበቃ ከሆነ አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

ሦስተኛው ጥያቄ ስለ ኤዲት ነው። ምኑን እንደሚያጠፋ፣ ምኑን እንደሚተው ይንገራችሁ። እኔ የምከተለው መመሪያ ቀላል ነው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ የማይኖር ብጉር ይጥፋ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላም የሚኖር ነገር ይቆይ። ጠባሳ፣ ማዲያት፣ የግንባር ንቅሳት የሰውዬው ነው። ዛሬ በስልክ ላይ ያለው ፕሮግራም ሳይጠየቅ ቆዳ ያቀላል፣ መጨማደድ ያጠፋል። ሠላሳ ዓመት ያስተማረን ሰው መጨማደድ ማን አጥፋልኝ አለ?

ከዚያ ፎቶው የት እንደሚውል ተነጋገሩ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይደነግጋል። ለባለሥልጣናትና ለሕዝባዊ ጉዳዮች የተለየ ድንጋጌ አለው፤ ለአብዛኞቻችን ግን መብቱ የኛ ነው። ፎቶ ቤት ውስጥ በመስታወት የተሰቀለው ፎቶ፣ በቴሌግራም ገጽ ለማስታወቂያ የሚወጣውም ፈቃድ ይፈልጋል። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ የሚቀጥለውን ልብ በሉ፤ እዚያ በጽሑፍ ሌላ ስምምነት ከሌለ የፎቶው የቅጂ መብት በአብዛኛው የፎቶ አንሺው ነው። ከፍላችሁበትም ለመጽሐፍ ሽፋን ለመጠቀም መጠየቅ ሊኖርባችሁ ይችላል። በቀጠሮው ዕለት መብራት በርቶ፣ ሰው ተሰልፎ እያለ ይሄ አይነሳም። አስቀድሞ ይነሳ።

ትንንሽ የሚመስሉትንም አትርሱ። ስንት ፎቶ ተመርጦ ይሰጠኛል? በስንት ቀን? ቀብዱ ቀጠሮ ቢሰረዝ ይመለሳል? በ2 በ3 ኢንች ጥርት ብሎ እንዲታተም ቢያንስ 600 በ900 ፒክስል ያስፈልጋል። በቴሌግራም ሲላክ በፎቶ መልክ ከሆነ ጥራቱ ስለሚቀንስ በፋይል ይላክላችሁ።

እስካሁን የተናገርኩት እኛ ባለሙያውን ስለማየታችን ነው። እሱም እኛን ያያል፤ ዋናው ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሻይ እየጠጣን ስናወራ የትኛው ዓይናችን ጠበብ እንደሚል፣ ስንስቅ አፋችንን በእጃችን እንሸፍን እንደሆነ፣ ስለ ምን ስናወራ ፊታችን እንደሚበራ ያያል። የቦያጂያን ቤተሰብ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ እስከ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺነት ሠርተዋል፤ የሚያነሷቸውን ሰዎች ደጋግመው የማየት ዕድል ነበራቸው። እኛ ያንን ዕድል ልናገኝ አንችልም፤ ሃያ ደቂቃ ግን መስጠት እንችላለን። ፎቶ አንሺ የማያውቀውን ሰው ሲያገኝ «ሳቅ በሉ!» ይላል። ታላላቆቻችን ለፎቶ ኮስተር የሚሉት ለክብር ነው፤ ፕሮፌሰሩን እንደ ሙሽራ ፈገግ ማሰኘት እሳቸውን ማንሳት አይደለም። አስቀድሞ ያገኛቸው ሰው «አገጭዎን ትንሽ ዝቅ ያድርጉልኝ» ብሎ ስለ ሥራቸው ይጠይቃቸዋል፣ መልስ ሊሰጡ ሲሉ ያነሳቸዋል።

መጨረሻ ላይ ደስ የማይል ነገር ላንሳ። የመታሰቢያ ገጾቻችንን ግለጡ። ከሠርግ ፎቶ ተቆርጦ የወጣ፣ የሌላ ሰው ትከሻ የቀረበት፣ ከመታወቂያ ላይ በስልክ የተነሳ፣ ዓይኑ የማይለይ ፊት ታገኛላችሁ። ሰው ሲያርፍ ቤተሰቡ ለቅሶ ቤት እንግዳ እየተቀበለ ፎቶ ይፈልጋል፤ ያገኘውን ይሰጣል። ዛሬ ለማውጫ የምንነሳው ፎቶ ነገ ለዚያ ሊውል ይችላል። ከመካከላችን ጡረታ የወጡ፣ ደግመው ፎቶ ቤት የማይሄዱ መምህራን አሉ። የእነሱ ፎቶ ይሄ ይሆናል።

ስለዚህ ለኮሚቴው የማቀርበው ሐሳብ ይሄው ነው። ሦስቱ ፕሮፎርማ ይሰብሰቡ። ዋጋ ከመወዳደሩ በፊት ግን ሁለት የኮሚቴ አባላትና አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ሦስቱንም ፎቶ አንሺዎች እየጠሩ ሃያ ሃያ ደቂቃ ያናግሯቸው፤ የፈቃድና የኤዲት ጉዳይም በውሉ ይጻፍ። ጠቅላላው አንድ ሰዓት ነው። ውጭ ያላችሁትም በቪዲዮ ስልክ እንዲሁ ማድረግ ትችላላችሁ።